ወደ ደቡብ የወረደው ውሃ

እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ እናቴ ትመስክር። እንደዚያ ዓመት ግን ተናድጄ አላውቅም። ከኮሮና በፊት ነው፣ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር። ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለች ትንሽ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራችን ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በየት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር ማስላት ነው። በረሃ ላይ ተቀምጦ የውሃ መንገድ ማስላት ያስቃል፤ እዚያ ያልኖረ ሰው ይሳቅ። በሪያድ የሚዘንበው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። የዘነበ ዕለት ግን ዓመቱን ሙሉ አቧራ የነበረው ሸለቆ፣ እነሱ ዋዲ የሚሉት፣ መኪና ጠርጎ ይሄዳል።

ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ፎርትራን በሚባል የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት ቢሯችን ውስጥ የነበሩ ሽማግሌ ግብፃዊ መሐንዲስ ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ ጽፈውት ከአገር አገር፣ ከቢሮ ቢሮ ይዘውት ዞረዋል። ሁላችንም የምንጠራቸው “ባሽሙሃንዲስ” እያልን ነበር፤ ግብፆች የተከበረ መሐንዲስ የሚጠሩበት ነው። ሪፖርት ሲያልቅ የሚፈርሙት እሳቸው ስለሆኑ ማኅተሙም እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ሳንድዊች መጠቅለያ ነው።

ጠዋት ስገባ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ያዩኝና “ያ ኢብኒ፣ ልጄ፣ ውሃችንን ምን አደረጋችሁት?” ይሉኛል። እኔም “ባሽሙሃንዲስ፣ ግድቡን ገና እየገነባን ነው፤ ሲሞላ የተረፈውን እንልካለን” እላለሁ። ይስቃሉ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነበር። አንድ አበሻና አንድ ግብፃዊ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሌላ ሰው ውሃ ሲያሰሉ ይውላሉ፤ የቢሮው ልጆች ይህን እያነሱ ሲያሾፉብን ነበር የሚውሉት።

አለቃችንን ሙዲር ነው የምንለው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ውጭ አገር ተምሯል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ክፉ ሰው ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ችኩል ነው። ችኩል ሰው ሥልጣን ሲይዝ ግን ከክፉ በምን እንደሚለይ እስካሁን አልገባኝም።

በዚያ ዓመት ሙዲሩ የሽማግሌውን ፕሮግራም ካለበት ሳይነካ፣ ፓይተን በሚባለው አዲሱ ቋንቋ ከተጻፈ ሌላ ፕሮግራም እየተጠራ እንዲሠራ ወሰነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ከሳተላይት የመጣውን የመሬቱን ከፍታ ያነባል፣ በሰንጠረዥ ያዘጋጃል፣ ለፎርትራኑ ያቀብላል፤ ፎርትራኑ ያሰላል። በሁለቱ መካከል ቁጥሩን የሚያሻግር ትንሽ ኮድ ያስፈልጋል፤ ድልድይ እንበለው። ድልድዩን ሙዲሩ ራሱ ጻፈው። እኔ ሥራዬ ማስኬድና መፈተሽ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። አንድ ክፍል ተማሪ ተደርድሮ ተቀምጧል እንበል። አንደኛው መምህር ስም ሲጠራ ከፊተኛው ረድፍ ይጀምርና በአግድም እየሄደ ይጨርሳል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይሻገራል። ሌላኛው ከበሩ ጥግ ይጀምርና በቁመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፓይተን እንደ መጀመሪያው መምህር ነው፣ ፎርትራን እንደ ሁለተኛው። መጀመሪያው የመዘገበውን የፈተና ውጤት ሁለተኛው ተቀብሎ በራሱ ልማድ ቢያድለው፣ ውጤቱ አንድም አልጎደለም፣ ተማሪውም አንድ አልቀረም፤ የጎበዙ ማርክ ግን ሌላው እጅ ይገባል። ኮምፒውተሩ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። ሠርቶ ይጨርሳል፣ የሚያምር ሥዕል ይሰጥሃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ ልክ እንደዚያ።

የቢሮው የፍተሻ ልማድ ደግሞ ሳህን ነበር። ሽማግሌው በወጣትነታቸው የፈጠሩት ነው፤ ክብ፣ መሐሉ የጎደጎደ፣ ከየትም ቢያዩት አንድ ዓይነት የሆነ የሐሳብ መሬት። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ሳህኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ውሃው መሐል ላይ ከተጠራቀመ ፕሮግራሙ ደህና ነው ይባላል። “ሳህኑ አለፈ” ከተባለ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድልድዩም የተፈተሸው በሳህኑ ነው። አለፈ። አለማለፍ አይችልማ! ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ብታደርገው ሳህን ያው ሳህን ነው። ሽማግሌው በፎርትራን ብቻ ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ያ ፍተሻ በቂ ነበር፤ መምህሩ አንድ ነበር። አሁን ግን ሁለት ሆነዋል።

ይህን ያኔውኑ ለሙዲሩ ነግሬዋለሁ። “አንድ ተዳፋት መሬት እንሥራ። በአንድ በኩል ከፍ፣ በአንድ በኩል ዝቅ ያለ። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እንይ” አልኩት።

“ሳህኑ አለፈ አይደል?”

“አለፈ።”

“ኸላስ፣ አለቀ።”

ሽማግሌውም በሳህኔ መጣብኝ ብለው ነው መሰል “ያ ኢብኒ፣ ይህ ሳህን አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ነው ውሃ የሚይዘው” አሉኝ። ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የመጀመሪያው ሥራ ከከተማው ደቡብ መጋዘን የሚያሠራ የአንድ ኮንትራክተር ነበር። ግንባታው ረጅም ስለሆነ ሠራተኞቹ እዚያው በተንቀሳቃሽ ካቢን ማደር አለባቸው። ካቢኖቹ የት ቢቀመጡ ውሃ አያገኛቸውም የሚለውን እኛ እንድንነግራቸው ነው። ቦታው ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ነበር፤ ፕሮግራሙ ከዚህ ሌላ አይቀበልም። አሰላን። ውሃው በደቡብ ጫፍ ያልፋል፣ ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው የሚል ካርታ ወጣ። ሰማያዊው ከታች፣ ነጩ በሌላው በኩል ሁሉ። ሽማግሌው ማኅተማቸውን አሳረፉበት፣ ሙዲሩ ላከው። ቦታውን ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም። በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ሙቀቱን ግን ማን ይቻለው።

እኔ ያኔ የምኖረው ጉበይራ ሰፈር ነበር፣ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን። እሱ ግንባታ ላይ ፌሮ ያስራል። ጨዋታ አዋቂ፣ ሶላቱን የማያስተጓጉል፣ የእኔን ጾም ከእኔ ይበልጥ የሚቆጣጠር ልጅ ነው። “ወንድሜ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እንቁላሉን አስቀምጠው” ይለኛል። የዚያ የመጋዘን ሥራ ሲጀመር እሱም ተመደበና ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ካቢን ገባ። ክፍሉ ጭር አለብኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ልጠይቀው ሄድኩ።

ካቢኖቹ ከመንገዱ አጠገብ፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ በቦታው ምሥራቅ ጫፍ ተደርድረዋል። ልብስ ተሰጥቷል፣ አንዱ ጸጉር ያስተካክላል። ጓደኛዬ ሻይ አፍልቶ ውጭ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን ጥቂት የግራር ቁጥቋጦዎች ነበሩ። አየኋቸው፣ ደግሜ አየኋቸው። እሾሃቸው ላይ ላስቲክና ጨርቅ ተሰክቷል፤ እዚያ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፣ ነፋስ ያመጣዋል። ይህ ግን በነፋስ የመጣ አይመስልም። ሁሉም በአንድ ቁመት፣ ወገብ ላይ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠምዝዞ፣ በደረቀ ጭቃ ተለስኖ ነው የተንጠለጠለው። ተነሥቼ ሄድኩ። መሬቱ ላይ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ድንጋዮቹ ድቡልቡል ናቸው። ሻይ የምንጠጣው ዋዲ ውስጥ ነበር።

“ካርታችሁን የት አደረጋችሁት?” አልኩት ተመልሼ።

“ፎርማኑ ክፍል ተለጥፏል። ምነው?”

ገብቼ አየሁ። የእኛው ነው፣ ማኅተሙም አለበት። ምሥራቁ ነጭ፣ ደቡቡ ሰማያዊ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ “ሰዎቹ መጀመሪያ ፈርተው ነበርኮ” አለኝ። “አንድ የመናዊ ‘ይሄ ዋዲ ነው’ ብሎ አሸበራቸው። እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው። ወላሂ፣ ይሄን ወረቀት የሠራው የክፍሌ ልጅ ነው፣ ያላ ግቡ አልኳቸው።”

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ያንን የመናዊ አስብ ነበር። እሱ መሬት አይቶ ነው የተናገረው፤ የእኛ ማኅተም አፉን ዘጋው።

እሁድ የሥራ ቀን ነው። ለቀትሩ የዙህር ሶላት ቢሮው ጭር ሲል እኔ ክርስቲያኑ ብቻዬን እቀራለሁ፤ ያችን ሰዓት ጠብቄ ተዳፋቱን ሠራሁ። ምዕራቡ ከፍ፣ ምሥራቁ ዝቅ ያለ መሬት፤ አንድ ልጅ እንኳ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል። ዝናብ አዘነብኩበት። ውሃው ወደ ደቡብ ወረደ።

ምክንያቱ ያ የመምህሮቹ ነገር ነው። ድልድዩ ሰንጠረዡን በረድፍ አቀብሎ ፎርትራኑ በዓምድ አነበበው፤ ምሥራቅ ደቡብ ሆነ። ውጤቱም ሲመለስ በዚያው ድልድይ ቢያልፍ ኖሮ ሁለቴ ተገልብጦ ይቃና ነበር። ግን ውጤቱን ፎርትራኑ እንደ ድሮው ራሱ ስለሚጽፈው አንዴ ብቻ ተገለበጠ። ማረሚያው አንድ ቃል ነው። ሰንጠረዡን በዓምድ ደርድር የምትል አንዲት ቃል ድልድዩ ላይ ጨመርኩ፣ ውሃው ወደ ምሥራቅ ሄደ። የመጋዘኑን ቦታ ደግሜ አሰላሁ። ሰማያዊው ካቢኖቹ ላይ ወጣ።

ሙዲሩ ከሶላት እንደተመለሰ ሁለቱንም ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ቶሎ ነው የገባው፤ ደደብ አይደለም። ፊቱ ለአፍታ ተለወጠ። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

“ጥሩ ነው ያገኘኸው። ለሚቀጥለው ሥራ በዚህ እንጠቀማለን” አለኝ።

“የሚቀጥለው? ይሄኛውስ?”

“ይሄኛው ተልኳል። ታትሟል። አሁን ተሳስተናል ብንል ሌላ ሥራ የሚሰጠን የለም።”

“ሰው ተኝቶበታል።”

“ሪያድ ነው ያለነው” አለና ወደ መስኮቱ አሳየኝ፤ ውጭ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። “ኢንሻአላህ አይዘንብም።”

ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። የፈጣሪን ስም እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስገባ ሰው ስሰማ ሁልጊዜ ይፈላል፤ የእኛም አገር ሰው “እግዚአብሔር ያውቃል” እያለ ሥራውን የሚተው አለ። “አንተ ልጅህን እዚያ ታስተኛለህ?” አልኩት። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣ ረጋ ብሎ፣ “ኢቃማህ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው አይደል?” አለኝ።

እዚያ የኖረ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማያውቀው ግን፣ ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ የሚያሳድሰው አሠሪህ ነው፤ ካላሳደሰው ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ትያዛለህ። ያንን ነበር የጠየቀኝ።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። መንገዱ ግልጽ ነበር፤ የተስተካከለው ካርታ በእጄ አለ፣ የጎደለው ማኅተም ነው። ያለ ማኅተም ብወስደው ፎርማኑ ሻይ ያስቀምጥበታል።

ሽማግሌው አላመኑኝም። “ፕሮግራሜ አይሳሳትም” አሉ። አልተከራከርኳቸውም። “እንግዲያው ራስዎ ይሥሩት፣ እኔ አልነካም” አልኳቸው። ተዳፋቱን በራሳቸው ጣት፣ በፎርትራን ብቻ፣ ያለ ድልድዩ ጻፉት። ውሃው ወደ ምሥራቅ ሄደ። ፈገግ አሉ። “አሁን ደግሞ ሙዲሩ በጻፈው ድልድይ” አልኳቸው። ወደ ደቡብ ሄደ። ደገሙት። ወደ ደቡብ። መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ።

“ስለዚህ ፕሮግራሜ ልክ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“ልክ ነው።”

“ስህተቱ የድልድዩ ነው።”

“የድልድዩ ነው።”

“እንግዲያው የእኔ ጉዳይ አይደለም።” ይህን ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “ያ ኢብኒ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። ሴት ልጄን መዳር አለብኝ። ተወኝ።”

እዚህ ላይ ጮኽኩ። ቢሮው በሙሉ ሰምቷል፤ ሙዲሩም በመስታወቱ በኩል ቀና ብሎ ነበር። “ሰዎቹ በትክክለኛ ፕሮግራም ሊሞቱ ነው እንግዲህ” አልኩ። “ማኅተሙ የማን ነው? የድልድዩ ነው? ጓደኛዬ እዚያ የገባው ይህን ማኅተም አምኖ ነው። እርስዎ ፈሪ ነዎት።” ፈሪን በዐረብኛ ነው ያልኩት፣ ጀባን ብዬ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰውን፣ ሰው ፊት። አንባቢ እዚህ ላይ ተጸጸትኩ እንድል ሳይጠብቅ አይቀርም። አልተጸጸትኩም። ዛሬም ቢሆን ያን ቃል መልሼ አልውጠውም።

መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ማኅተሙን አወጡ፣ በቀለሙ ላይ ጫን አድርገው አዲሱ ካርታ ላይ አሳረፉት። ፈረሙ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ገፉልኝና “ሂድ ከፊቴ” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የአባይን ቀልድ ቀልደው አያውቁም። ጠዋት ስገባ ሰላምታዬን በአገጫቸው ይቀበላሉ፣ ያ ብቻ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይዤ ካምፑ ሄድኩ። ፎርማኑ ወረቀቱን አላነበበውም፤ ኸትሙን፣ ማኅተሙን፣ ነው ያየው። የድሮውን ካርታ ማኅተም ከአዲሱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይዞ አመሳከረ፣ “ያው ነው” አለ፣ ስልኩን አነሣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከምጠብቀው በላይ ፈጠነ። በሳምንቱ ውስጥ ክሬን መጣና ካቢኖቹን አንድ በአንድ እያነሣ ምዕራብ በኩል ያለው ድንጋያማ ከፍታ ላይ አስቀመጣቸው።

ምስጋና የጠበቀ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፣ ግን ስድብም አልጠበቅኩም ነበር። ከፍታው ላይ ነፋስ አለ፣ አሸዋ በበሩ ሥር ይገባል፣ ሱቅ ሩቅ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ጓደኛዬ ኔትወርክ ፍለጋ ቁልቁል ወርዶ እየደወለ ይወቅሰኛል። “ወንድሜ፣ ከመንገድ ዳር አንስተህ ድንጋይ ላይ ሰቀልከን እኮ። ሰዎቹ በእኔ ነው የሚያሳብቡት። አንዴ ግቡ ትላለህ፣ አንዴ ውጡ ትላለህ ይሉኛል።”

“ዋዲ ውስጥ ነበራችሁ።”

“እሺ፣ ነበርን። ዝናቡስ የታለ?”

ኮንትራክተሩ ግን ዝም አላለም። ከአንድ ቢሮ፣ በአንድ ማኅተም፣ ሁለት የሚጣሉ ካርታዎች ደርሰውታል። ሙዲሩ ጋ ደውሎ የትኛው ነው እውነቱ አለው። ሙዲሩ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውንና እኔን ጠራን። ሁለቱ ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። “ይህን ማን ላከው?” አለ። አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ። “ማኅተሙ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ማንም አላስገደደኝም” አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

“እኔ ነኝ የወሰድኩት” አልኩ።

“አውቃለሁ” አለ ሙዲሩ። “አንተ ሄደህ ሥራህን ሥራ።”

በወሩ መጨረሻ የሽማግሌው ውል እንደማይታደስ ተነገራቸው። ኹሩጅ ኒሃኢ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ተመታላቸው። ሙዲሩ ለኮንትራክተሩ የመጀመሪያው ካርታ “የቀድሞው መሐንዲስ ስህተት” እንደነበር፣ ቢሮው ደርሶበት እንዳረመ ጽፎ ላከ። ድልድዩን የጻፈው እሱ ነው! የተሳሳተውን ሰው ለማዳን ያልተሳሳተውን ሰው ማኅተም ተጠቀመ።

ለምን እኔን እንዳላባረረኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ድልድዩን ከእኔ በቀር የሚያስኬድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ግን አሁን አላስፈለጉም፤ የእሳቸው ፎርትራን በድልድዩ በኩል ይጠራል፣ ሲጠራ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ጥያቄ አይጠይቅም። ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የዞሩት ፕሮግራም ቢሮው ውስጥ ቀረ፣ እሳቸው ሄዱ። የእኔ ኢቃማ ታደሰ። ጥዬ ልውጣ አላልኩም፤ ወጥቼ ወዴት ነው የምሄደው? መቀመጤም ያናድደኝ ነበር፣ አለመነሣቴም።

የሄዱ ቀን ሽኝት አልነበረም። ኮታቸውን ለብሰው ከሰው ሁሉ ጋር ተጨባበጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ደረቅ ነበር። “ሁለተኛ ስትጠራው” አሉኝ፣ ፕሮግራማቸውን ማለታቸው ነው፣ “መጀመሪያ ተዳፋቱ ላይ ፈትሸው።” ይህን ብለው ወረዱ። ተከትያቸው ደረጃውን አልወረድኩም። ተናድጄ ነበር፤ በሙዲሩ፣ በእሳቸው፣ በዚያ ተወኝ ባሉበት ድምፅ። ስልክ ቁጥራቸውን በስልኬ ይዣለሁ ብዬም ነበር።

ብርዱ ሲገባ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ጣለ። መላዝ ውስጥ መንገዱ በአፍታ ኩሬ ሆነ፣ መኪናዎች ቀለበት መንገዱ ሥር ቆሙ፣ ቢሮው ሁሉ መስኮት ላይ ወጥቶ ቪዲዮ ያነሣል። እኔ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ብደውል አይነሣም። ብደውል አይነሣም። ከፍታው ላይ ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሐሳቤ ግን አላረፈም፤ ለኔትወርክ ሲል ቁልቁል ወርዶ ቢሆንስ?

ሊመሽ ሲል ራሱ ደወለ። ድምፁ የዚያ ጨዋታ አዋቂ ልጅ አይመስልም።

“ወንድሜ፣ ከላይ ሆነን አየነው” አለኝ። “መንገዱ የለም። ግራሮቹ የሉም። እኛ የነበርንበት ላይ፣ ወላሂ፣ የጭነት መኪና ሲንከባለል አየሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ገና ሳንመለስ በዕረፍት ሰዓት ነው የመጣው። ሁላችንም ካቢን ውስጥ ተኝተን ነበር እኮ። ሁላችንም።”

ከዚያ አለቀሰ። እኔም ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከኮንትራክተሩ ትልቅ ሣጥን ባቅላዋ መጣ። ሙዲሩ መሐል ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ አስቀመጠውና “አልሐምዱሊላህ፣ ስሌታችን ነፍስ አዳነ” ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አልበላሁም።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ለሽማግሌው ደወልኩ። ምን ልላቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ውሃው በምሥራቅ መጣ፣ ማንም አልነካም፣ ማኅተምዎ ነው ልላቸው ነው። ፈሪ ያልኳቸውን እንዳልረሱ አውቃለሁ፤ ይህንንም ይስሙ ብዬ ነው። የደወልኩት ቁጥር አገልግሎት ላይ እንዳልሆነ አንዲት ሴት በዐረብኛ ነገረችኝ። ዋትሳፑም በዚያው ቁጥር ነበር። የሳዑዲ ቁጥር ከኢቃማው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ ቁጥሩም ይዘጋል። ይህን እያወቅኩ የአገራቸውን ቁጥር አልጠየቅኳቸውም። ቢሮውን ዞሬ ጠየቅኩ። የያዘው የለም።

የቀረው ሙዲሩ ነበር። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። “የባሽሙሃንዲስን የግብፅ ስልክ ፈልጌ ነበር” አልኩት።

ባቅላዋውን እያኘከ ቀና አለ፣ ደንገጥ እንደማለት።

“ለምን ፈለግከው?” አለኝ። “ፕሮግራሙ ተበላሸ እንዴ?”